ፀሐይ የሚገባበት ክፍል

እኛ ከአገር ቤት የመጣን ሰዎች ዝም ብለን አንሰጥም። ሌላው ሕዝብ ኬክ ሲሰጣችሁ ኬክ ሰጣችሁ ማለት ነው፤ ትበላላችሁ፣ ሳህኑን አጥባችሁ ትመልሳላችሁ፣ አለቀ። ከእኛ ቤት የወጣ ስጦታ ግን አፍ አለው። አክስቴ ለአጎቴ የግድግዳ ሰዓት ገዝታ የሄደች ቀን ሰው ሁሉ እንዴት ያምራል አለ፤ አጎቴ ብቻ አንገቱን ደፋ፤ ምክንያቱም በልጇ ሠርግ ላይ የደረሰው ተበልቶ፣ ተጨፍሮ፣ ወንበር ሊነሣ ሲል ነበር። ለእናቴ ደግሞ ጎረቤታችን አዲስ መጥረጊያ አመጣችላት። እናቴ አመሰገነች፣ ጉንጯን ሳመቻት፣ በሩን ዘጋች፣ ከዚያ ንጹሑን ቤት እያጉረመረመች እንደገና ጠረገች። ከዚያች ሴት ጋር እስከ ሐኑካ በዓል አልተነጋገሩም።

እኔም ያደግሁት በዚህ ትምህርት ነው። የዚህን አገር፣ የዕብራይስጡን ጽሕፈት ዛሬም በጣቴ እየተከተልሁ ነው የማነበው፤ የሰው ስጦታ ግን ተጠቅልሎም ተቋጥሮም አነባለሁ። አነባለሁ ብዬ አምን ነበር ልበል።

የምኖረው ቂርያት ማላኪ በምትባል ከተማ ነው፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ኤደን መዋለ ሕፃናት ትሄዳለች፣ ኦሪ ገና እየዳኸ ነው። ባሌ ማሩ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ ቤት ሲገባ ይተኛል፣ ሲነቃ ይሄዳል፤ ስለዚህ የዚህ ቤት ጠባቂም ተጠራጣሪም እኔ ነኝ። ኦሪ ካሳለ ሐኪም ዘንድ ነኝ። ካላሳለ ደግሞ ዛሬ ለምን አላሳለም ብዬ ጆሮዬን ደረቱ ላይ እለጥፋለሁ። እንዲህ ያለችውን ሴት ታውቋት ይሆናል፤ በሩን ቆልፋ ደረጃውን ወርዳ መቆለፉን ለማረጋገጥ ተመልሳ የምትወጣዋን። እሷ ነኝ።

አማቴ እማማ ትርንጎ ጎረቤት ከተማ ገዴራ ነው የሚኖሩት፣ ምድር ቤት፣ መስኮታቸው ሥር ቁራጭ መሬት ይዘው። ጎመን አላቸው፣ ቃሪያ አላቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማርቫቸው አለ። በዚህ አገር ሰው ሻይ ውስጥ የሚነክረው ማርቫ የሚባል ቅጠል በየሱቁ ሞልቷል፤ የእማማ ትርንጎ ግን የእሱ ዘመድ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ቅጠሉ እንደ ጠቦት ጆሮ ጠጉራም ነው፤ አበባው ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ሐምራዊ ጠብታ አለበት፤ በጣት ሲያሹት መጀመሪያ ሎሚ፣ ቆየት ብሎ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። ሟቹ ባላቸው አትክልተኛ ሆነው ከሚሠሩበት የችግኝ ቦታ በኪሳቸው ያመጡት ነው። ያ ቦታ ተዘግቶ ዛሬ ሕንፃ ቆሞበታል፤ የተክሉን ስም የሚያውቅ ሰው አልተገኘም፤ በገዴራም በያቭኔም የሱ ዓይነት አልታየም። እማማ ባላቸውን ሲያስታውሱ መቃብር አይሄዱም። መስኮቱን ከፍተው ቅጠል ያሻሉ።

ዘንድሮ ታዲያ ያ ሕንፃ ፈርሶ እንደ አዲስ ሊሠራ ተፈረመ። ነዋሪው ሌላ ቦታ ይቆይና ሲያልቅ ይመለሳል ተባለ። መቼ ነው የምትወጡት ሲባል መልሱ «ከበዓላቱ በኋላ» ነው፣ ከመስከረሙ በዓላት፤ በዚህ አገር ሰው የማይፈልገው ነገር ሁሉ የሚሆነው ከበዓላቱ በኋላ ነው። መስኮቱ ሥር ያለው መሬት ተቆፍሮ የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። ቁጥቋጦው ደግሞ አርጅቶ ሥሩን ግድግዳው ውስጥ ከትቷል፤ ተነቅሎ የሚተርፍ አይደለም።

እንግዲህ ሁለት ጥያቄ ተወለደ። ማርቫው የት ይኖራል? እማማ ትርንጎስ የት ይኖራሉ? የመጀመሪያውን ሁሉም ያነሣዋል። ሁለተኛውን ማንም አይነካውም። ማሩ አይነካውም፤ ያቭኔ ያለው ታላቅ ወንድሙ አይነካውም፤ የወንድምየው ሚስት ብርቱካን ደግሞ ወሬው ወደዚያ ሲጠጋ ድንገት ልጇ ትዝ ይላትና ልትጠራው ትነሣለች። (ትርንጎ፣ ብርቱካን፤ በዚህ ቤተሰብ ፍሬ ያልሆንሁት እኔ ብቻ ነኝ።) እኔም አልነካሁትም። እማማ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ዝም ብለው ነው የሚያዩት። ኦሪን ሳለብስ ያያሉ፣ ወጥ ስቀምስ ያያሉ፣ ከዚያ «ጎበዝ» ይላሉ። ያ «ጎበዝ» ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ይነሣኛል። አንድ ጣራ ሥር አብረን ብንኖር በቀን ስንት «ጎበዝ» እንደሚደርሰኝ አስቡት።

በግንቦት ገደማ የሚውለው ሻቩዖት ካለፈ በኋላ ልጆቹን ይዤ ልጠይቃቸው ገዴራ ሄድሁ። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ከደረቀ የማርቫ አበባ ዘር መዳፋቸው ላይ ያራግፋሉ።

«አንቺ ቤት ፀሐይ ይገባል አይደል?» አሉኝ።

«ይገባል፣ እማማ።»

«ጠዋት ነው ከሰዓት?»

«ጠዋት ነው።»

«በየትኛው ክፍል?»

ያን ጊዜ ጆሮዬ ቆመ። «በልጆቹ ክፍል» አልሁ፤ ከአፌ ሲወጣ መልሼ ልይዘው ምንም አልቀረኝ።

«መስኮቱ ይከፈታል? ነፋስስ ይመታዋል? ልጆቹ አይረብሹም?»

ቤት የሚከራይ ሰው እንኳ እንዲህ አይጠይቅም። እማማ ግን ጠይቀው ሲያበቁ ዘሩን በጨርቅ ቋጥረው ዘረጉልኝ። «እንኪ። አንቺ ዘንድ ይደግ። እየመጣሁ አየዋለሁ።»

እየመጣሁ አየዋለሁ!

«ቅርንጫፉን ቢቆርጡልኝ አይቀልም?» አልሁ፣ ነገሩን ለማዞር።

«ያረጀ እንጨት ሥር አያወጣም፣ ልጄ። እየቆረጥሁ ሞክሬው ደክሞኛል። ሥር የሚያወጣው የልጅ እንጨት ነው።»

ቋጠሮውን ይዤ አውቶቡስ ላይ ተቀመጥሁና አነበብሁት። ምንም አላስቸገረኝም። እማማ ትርንጎ አፋቸውን ከፍተው አንቺ ዘንድ ልምጣ የሚሉ ሰው አይደሉም፤ ሞት ይሻላቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ማርቫውን ላኩት። እሱ የበቀለበት ቤት እሳቸው ይገባሉ። ፀሐይ የሚገባበት ክፍል፣ በጠዋት፣ መስኮቱ የሚከፈት።

ቤት እንደገባሁ ብርቱካን ጋ ደወልሁ።

«ለአንቺም ሰጡሽ?»

«ሰጡኝ እንጂ! ፀሐይ ይገባል ወይ አሉኝ፤ አይገባም አልኳቸው።»

«አንቺ! በረንዳሽ ላይ እኮ ልብስ ሻይ እስኪጠጣ ይደርቃል። ያቭኔ ውስጥ ካንቺ በላይ ፀሐይ ያለው ማን አለ?»

«ለዘር አይገባም» አለች ብርቱካን። «ሞኝ እንዳትሆኚ፣ እህቴ። ከበቀለ ተከትለውት ነው የሚመጡት። እኔ ዛሬውኑ ተክዬ ዛሬውኑ ረስቼዋለሁ።»

አያችሁ? የማነበው እኔ ብቻ አልነበርሁም።

ችግሩ እኔ መርሳት የሚባል ተሰጥኦ የለኝም። ዘሩን ቶሎ እንዲፈነዳ ብዬ የኦሪ ጡጦ ክዳን ውስጥ በውኃ ነከርሁት። ጠዋት ባየው እያንዳንዱ ፍሬ ዙሪያውን ልጋግ አውጥቷል፤ የእንቁራሪት እንቁላል ነው የሚመስለው። ቆም ብዬ አሰብሁ። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ውኃ ሲነካው እንዲህ ልጋግ የሚያወጣው በሶብላ ነው! ጥቁረቱም ልክ ነው፣ መጠኑም ልክ ነው።

ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ የተኛውን ማሩን ቀሰቀስሁት። «እናትህ ዘሩን ለውጠውብኛል።»

«ምን ዘር?»

«ማርቫ ብለው በሶብላ ሰጡኝ።»

«እናቴ ለምን በሶብላ ትሰጥሻለች?»

«ሊፈትኑኝ ነዋ! በሶብላ አብቅዬ ማርቫው በቀለ ስላቸው ሊይዙኝ!»

ማሩ ትራሱን ፊቱ ላይ ደፋው። ከትራሱ ሥር «ያላ፣ በቃ ልተኛ» የሚል ድምፅ ወጣ። ይህም ቢሆን አጠራጠረኝ። ንጹሕ ሰው ፊቱን አይሸፍንም።

የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ጋን ያቭኔ (የብርቱካን ያቭኔ ሌላ ነው) ወዳለ ችግኝ መሸጫ ሄድሁ፣ ኦሪን በጋሪ እየገፋሁ። ባለቤቱ ጢሙ ውስጥ አፈር ያለበት ሽማግሌ ነው። ልጋግ ያወጣውን ዘርና ከእማማ ግቢ የቀጠፍሁትን ቅጠል አሳየሁት። ዘሩን ከምንም አልቆጠረውም። ቅጠሉን ግን አሸት አድርጎ ሲያሸት ዓይኑ ተለወጠ።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከዘመድ።»

«ዘመድሽ የት ነው የሚኖረው?»

«ሩቅ» አልሁት። ገዴራን ማለቴ ነው።

ሳቀ። ልጋጉ ጤና ነው አለኝ፤ ማርቫና በሶብላ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም ውኃ ሲያዩ እንዲያ ይሆናሉ አለኝ። ከዚያ ደግሞ፦ «አትቅበሪው። አፈሩ ላይ በትነሽ ጫን ጫን አድርገሽ ተዪው፤ ብርሃን ይፈልጋል። ውኃም አታብዢ። ሲያድግልሽ ግን አንዱን ለእኔ አምጪልኝ፤ በሱ ፈንታ ከዚህ የወደድሽውን ውሰጂ።»

እስቲ ፍረዱ። ተክሌን የሚመኝ ሰው፣ ዘርሽን አትቅበሪ፣ ውኃም አታጠጪ እያለ ይመክረኛል! ዘር የማይቀበርበት አገር የት ነው? ቤቴ ገብቼ አፈር በሞላሁት ሣጥን ላይ ግማሹን እሱ እንዳለው በተንሁት፤ ግማሹን እናቴ ነጭ ሽንኩርት ስትተክል እንዳየሁት አድርጌ ቀበርሁት። ሣጥኑን የልጆቹ ክፍል መስኮት ላይ አስቀምጬ፣ የገባ ሰው ሁሉ እንዳያየው በዳይፐር ካርቶን ከለልሁት። ዓይንን አላምንም። የጎረቤት ዓይንን በተለይ።

የተበተነው በቀለ። የቀበርሁት እስከ ዛሬ ሳይጠራጠረኝ አልቀረም፣ አልወጣም።

መርፌ የሚያካክሉ አረንጓዴ ነገሮች አፈሩን ሞሉት። እኔም እንደማውቀው አደረግሁ፦ ጠዋት አጠጣሁ፣ ቀትር ላይ ሞቃቸው ብዬ አጠጣሁ፣ ማታ ቀን ጠምቷቸው ውለዋል ብዬ አጠጣሁ። መሬት የሚነኩበት ቦታ ላይ አንገታቸው እየቀጠነ፣ እየጠቆረ፣ ተራ በተራ ተኙ። ማን ገባ? ማን አየ? ብዬ የመጣውን ሁሉ በልቤ ቆጠርሁ፤ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበውን ሰው ሳይቀር ጠረጠርሁት። በመጨረሻ ዞር ስል እጄ ውስጥ የውኃው ጣሳ አለ።

አንድ ብቻ ቀረ። ከሣጥኑ ጥግ፣ ውኃዬ በደንብ የማይደርስበት ቦታ የበቀለው።

አሁን አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ፤ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ይህ ተክል ከሞተ እማማ አይመጡም። ከዳነ ይመጣሉ። ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? ለምንድን ነው በሻይ ማንኪያ እየለካሽ የምታጠጪው? ለምን ነው ኤደንን «ቀስ! ተኝቷል!» የምትያት? የገዛ እጄን ጠረጠርሁት። ልቤ አንድ ነገር እየፈለገ እጄ ሌላ ይሠራል። ሦስተኛ ቅጠል ሲያወጣ ጠቦት ጆሮ መሆኑ ታወቀ፤ አሸት አድርጌ ሳሸተው ሎሚ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ዝናብ የመታው አፈር። በዚያች ደቂቃ ያላየኋቸውን የባሌን አባት ያየሁ መሰለኝ።

እማማ ሲደውሉ ስለ ኦሪ ይጠይቁና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «እሱስ?»

«እያመነታ ነው፣ እማማ።»

«አትጨቅጭቂው። አጠገቡ ቆመው ሲያፈጥጡበት አይወድም።»

ስለ ማርቫው ይሁን ስለ ኦሪ ይሁን ስለ ልጃቸው ስለ ማሩ፣ እግዜር ይወቀው። ስልኩን ዘግቼ ይህም ነገር አለው እላለሁ።

በዓላቱ ገቡ፣ በዓላቱ ወጡ። አሁንም ማንም ሁለተኛውን ጥያቄ አላነሣም። ስለዚህ እኔው ጥያቄውን ሳላነሣ መልሱን መሥራት ጀመርሁ። የኤደንን አልጋ ወደኛ ክፍል ገፋሁ። የልብስ ቁም ሣጥኑን የታች መደርደሪያ ባዶ አደረግሁ፤ እማማ ወደ ላይ መንጠራራት ይከብዳቸዋል። ለአልጋቸው መስኮቱ ሥር፣ ከግድግዳው ወገን ያለውን ቦታ መረጥሁ፤ ጠዋት ፀሐዩ ፊታቸውን ሳይሆን እግራቸውን እንዲመታ። መጋረጃ ገዛሁ። ማሩ መጋረጃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሊተኛ ገባ። ወንድሙም ቢሆን እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት እማማ ትርንጎ ደወሉ። ሕንፃው ደጃፍ ነኝ፣ ውረጂልኝ አሉ። ብወርድ ባለ ጎማ ትልቅ ሻንጣ ይዘዋል።

በቃ። መጡ።

ሻንጣውን ሳነሣ ወገቤ ተንቋቋ። ሦስት ፎቅ፣ ደረጃ በደረጃ፣ እያረፍሁ አወጣሁት። ይህ የሁለት ቀን ልብስ አይደለም እያልሁ ነው የምወጣው፤ ይህ ክብደት ለዘለቄታው ነው። እማማ ከኋላዬ የቀረች ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ይላሉ። ተጀመረ ብዬ አሰብሁ።

ቤት ገብተው የውጭ ጫማቸውን አውልቀው ከቦርሳቸው ነጠላ ጫማ አውጥተው አደረጉ። ኦሪን ሳሙ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ልጆቹ ክፍል። የዳይፐር ካርቶኑን ገፋ አደረጉና ማርቫው ፊት ቆሙ። አሁን ስንዝር አልፎ አድጓል። ቅጠሉን አሹ፣ አሸተቱ፣ ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ እንዳደረጉ ቆዩ።

«እሱ ነው» አሉ።

እኔ ደግሞ ከኋላ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «አልጋውንም እዚህ ጋ አስበነዋል» አልሁ።

«የማንን አልጋ?»

«የአንቱን ነዋ፣ እማማ። መደርደሪያውም ባዶ ነው። መጋረጃም ተሰቅሏል።»

ዞረው አዩኝ። ባዶውን መደርደሪያ አዩ። መጋረጃውን አዩ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ሻሻቸው እስኪወርድ፣ ኦሪም ደንግጦ እኔን እስኪያይ ሳቁ።

«አንቺ ልጅ! ዘር ነው የሰጠሁሽ፤ ሽማግሌ አልላክሁብሽም!»

«ፀሐይ በየትኛው ክፍል ይገባል ብለው ሲጠይቁኝ...»

«ለማርቫው ነዋ! ምን ላድርግ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ሳልጠይቅ ልስጥሽ?»

«ታዲያ የት ሊኖሩ ነው?»

«እዚያው ገዴራ ተከራየሁ። ጓደኞቼ እዚያ፣ ጸሎት ቤቱ እዚያ፣ ሐኪሜ እዚያ። ቤቱ ግቢ ስለሌለው ነው ዘሩን ለእናንተ ማከፋፈሌ። እዚህ መጥቼ ደግሞ ምን ልሁን? አንቺ ስታፈጥጪብኝ ልዋል?»

«እኔ? እኔ ነኝ የማፈጥጠው?»

«ዝም ብለሽ ነው የምታዪኝ፣ ልጄ። ኦሪን ስይዝ ታያለሽ፣ ወጥ ስቀምስ ታያለሽ፣ ከዚያ ‹እናመሰግናለን እማማ› ትያለሽ። እሱን ስሰማ ሳምንት ሙሉ ምን አጥፍቼ ይሆን እላለሁ።»

ቢያንስ ወሬውን ላዙር ብዬ «የብርቱካን ማርቫ እኮ ጭራሽ ሳይበቅል ቀረ» አልሁ።

እማማ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «በየት በኩል ይበቅላል? ለብርቱካን የሰጠኋት ያረጀ በሶብላ ነው። ቅር እንዳይላት ብዬ። ፀሐይ አይገባም ላለችኝ ሴት ዘሬን ልበትን?»

እንግዲህ በሶብላውን በትክክል ጠርጥሬ ነበር። ቤቱን ነው የተሳሳትሁት።

ሻንጣው ተከፈተ። ሙሉውን አፈር ነው። ከመስኮታቸው ሥር፣ መቆፈሪያው ሳይመጣ፣ በእጃቸው የዛቁት። ማርቫውን ከነጓሉ አንሥተን ትልቅ ጣሳ ውስጥ በዚያ አፈር አዛወርነው። ከዚያ እማማ ምላጭ ጠየቁኝና ከተክሉ ጫፍ፣ ከቅጠሉ መጋጠሚያ ዝቅ ብለው ለጋውን ቀንበጥ ቆረጡ፤ እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንሁ። የታችኛውን ቅጠል ቀጥፈው ጣሉ፣ ቀንበጡን እርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉና በላስቲክ ከረጢት አድርገው ጡታቸው ሥር ከተቱት።

«አትደንግጪ፣ ሲቆረጥ ይሰፋል። ይህ የልጅ እንጨት ነው፣ ሥር ያወጣል። ኩባያ ውስጥ ተክዬ መስኮቴ ላይ አኖረዋለሁ። የኔ ከሞተ ካንቺ እወስዳለሁ፤ ያንቺ ከሞተ ከኔ ትወስጃለሽ።»

ባዶውን ሻንጣ እየጎተቱ ሄዱ። እኔም እፎይ ማለት ሲገባኝ የልጆቹ ክፍል ውስጥ ቆሜ ተናደድሁ። ቤቴ ምን ሆነ? መጋረጃው ምን ሆነ? ፀሐዩ ለማርቫ በቅቶ ለሰው አይበቃም ማለት ነው?

ማሩ ሲገባ ሁሉንም ነገርሁት። «እንዲያውም ኪራዩን የፈረምሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ካልሲውን እያወለቀ።

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። መጋረጃ ስትገዢ ደግሞ ክፍሉን ማስዋብሽ መሰለኝ።»

ያን ሳምንት አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ ሁለተኛ የሰው ስጦታ አላነብም፤ ዘር ዘር ነው፣ አፈር አፈር ነው፣ «ጎበዝ»ም ጎበዝ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ክፍሉን ስጠርግ ግን ማርቫው ካለበት መስኮት ሥር፣ አልጋ ላስቀምጥ ባሰብሁበት ቦታ ላይ፣ የእማማ ትርንጎ ነጠላ ጫማ አለ። ጥንዱ ተጣምሮ፣ አፉን ወደ ክፍሉ አዙሮ።

ደወልሁላቸው። «እማማ፣ ነጠላ ጫማዎን ረስተዋል።»

«ረሳሁት እንዴ?» አሉ። «በይ እዚያው ይቀመጥ።»

ረሱት! እኚህ ሴት የሰጡትን ዘር የማይረሱ፣ ለማን በሶብላ እንደሰጡ የማይረሱ፣ አፈራቸውን እንኳ ቆፍረው የሚሄዱ ሰው። ዙሪያውን በጥንቃቄ ጠረግሁ። አላነሣሁትም። የኤደንንም አልጋ ገና አልመለስሁትም።